የሐጃ መርየም ጀሪካን

ወንድሜን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ ብዬ አምስት ዓመት ኖሬአለሁ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አምስት ዓመት ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ስንት እንደሚሆን ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ይህን የምጽፈው እንዲወጣልኝ አይደለም። ይቅር ለማለትም አይደለም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ አንድ ሰው መናገር ስላለበትና ከቤተሰባችን ውስጥ ሌላው ሁሉ አፉን ስለያዘ ነው።

ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነበር። ከፊት የአባቴ ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያው፣ ከመኖሪያው ጀርባ ደግሞ ቁልፏ ከአባቴ ኪስ የማትወጣ አንዲት ጠባብ ክፍል። አባቴ አብዱልሐሚድ ይባላል። የአያቱ አባት ጨርቅ ጭኖ ከየመን መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነው፤ አባቴ ይህን ታሪክ አቡጀዲ ሲለካ ለደንበኛው ሁሉ ይተርካል። በ1978 ዓ.ም. ግን የሚለካ አቡጀዲም እየጠፋ ነበር። መደርደሪያው ላይ ክርና መርፌ፣ ክብሪት፣ ጥቂት ሻሽ። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ ነው፣ እሱም ከመጣ፤ የመጣ ቀን ሰልፉ መንገዱን ይዘጋል። እናቴ ጀሊላ የእኔንና የትንሽ ወንድሜን የሳሊሕን ልብስ በእንዶድ ማጠብ ጀምራ ነበር።

ከዚያ ድንገት ቤታችን ውስጥ ሳሙና አልጠፋ አለ። ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ልጅ ንጹሕ ቀሚስ ሲለብስ ከየት መጣ አይልም። ከኋላዋ ክፍል የሞራ ሽታ ይመጣል፤ እናቴን ስጠይቃት «አባባ ሻማ እየሠራ ነው» አለችኝ። መብራት በየቀኑ ስለሚጠፋ ሻማ መሥራት ደግ ነገር መሰለኝ።

የአባቴ እናት ሐጃ መርየም ለሐጅ ሄደው ሲመለሱ አንዲት ነጭ ጀሪካን ይዘው መጥተው ነበር፤ አምስት ሊትር የምትይዝ፣ ጎኗ ላይ በአረንጓዴ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለባት። ውስጧ ዘምዘም ነበር። ሰው ሲታመም ጀሪካኗ ትወርዳለች፤ ሐጃ በትንሽ ፍንጃል ይቀዳሉ፤ በሽተኛው ፊቱን ወደ ቂብላ ያዞራል፤ ቢስሚላህ ይላል፤ የሚድንበትን ነገር በልቡ ይነይታል፤ በሦስት ጉንጭ ይጠጣል። ሥርዓቱን ለእኔም ለሳሊሕም እጃችንን ይዘው አስተምረውናል። ሐጃ በ1977 ሞቱ። ክፍላቸው የመስገጃ ክፍል ሆነ፤ ጀሪካኗም አረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍና ከመስገጃው በላይ ባለችው መደርደሪያ ላይ ቀረች።

ባዶ መሆኗን የነገረኝ የለም። የመጨረሻዋ ጠብታ በራሳቸው በሐጃ ከንፈር ላይ፣ ነፍሳቸው ስትወጣ እንደፈሰሰች ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

እናቴ በሺር የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የሐረጎን ጠመዝማዛ በአውቶቡስ ወጥቶ ደሴ ይመጣል፤ ለእኔና ለሳሊሕ ብርቱካን ያመጣል፤ እኛም መምጫውን በር ላይ ቆመን እንጠብቃለን። አንድ ሐሙስ ግን ብርቱካኑን ሳይሰጠን የያዘበትን ማዳበሪያ እንደተሸከመ በቀጥታ ወደ መስገጃው ክፍል ገባ። አባቴ ተከተለው። መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አድርጌ አየሁ።

አጎቴ በሺር ከብርቱካኑ ሥር አንድ ጥቁር የጎማ ዕቃ አወጣ። እጁ ላይ እስከ ክንዱ የሚደርስ የጎማ ጓንት አጠለቀ። የሐጃን ጀሪካን ከፈተና ከጥቁሩ ዕቃ ወደ እሷ ቀስ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ትንፋሹን ይዞ ማንቆርቆር ጀመረ። የሚወርደው ነገር ጥርት ያለ ውሃ ነበር። አባቴ ጀሪካኗን በሁለት እጁ ደግፎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

«ጠብ እንዳትል፣ አደራህን» አለ አባቴ።

«እርስዎ ብቻ አያንቀሳቅሷት» አለ በሺር። «ደግሞ ልጆቹ እንዳይነኳት፣ በነቢ! እጃቸው አጠገቧ እንዳይደርስ።»

ጨርሶ ክዳኗን ሲያጠብቅ አባቴ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ጨርቋን መልሰው አለበሷት። ከዚያ ሁለቱም ጓሮ ወጥተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ደግመው ታጠቡ፤ በሺር ለሦስተኛ ጊዜ ታጠበ።

እንግዲህ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ ምን ትረዳ? አክብሮት ነው የመሰለኝ። ሰው ቁርኣን እንኳ ሲያነሳ እንደዚያ ሲጠነቀቅ አይቼ አላውቅም። ሮጬ ሄጄ ለሳሊሕ ነገርኩት።

«አጎቴ በሺር ዘምዘም አመጣ!»

«ከመካ?» አለ ሳሊሕ። አምስት ዓመቱ ነበር፤ የፊት ጥርሱ ወልቆ ቃሉ ሁሉ ያፏጫል።

«ከኮምቦልቻ።»

«መካ ኮምቦልቻ አጠገብ ናት?»

«ትንሽ ራቅ ትላለች» አልኩት፤ ታላቅ እህት አላውቅም አትልም።

ጀሪካኗ ውስጥ የገባው ኮስቲክ ሶዳ ነበር። ፋብሪካው ቧንቧና ማሽን የሚያጥብበት፣ ስብን የሚበላ፣ ቆዳንም የሚበላ። ከሞራ ጋር ሲፈላ ሳሙና ይሆናል። በዚያ ዘመን የመንግሥትን ንብረት አውጥቶ ለነጋዴ መስጠት እስር ቢሆን ደግ ነው፤ ከዚያ በባሰው የሄዱም ነበሩ። ስለዚህ አባቴ ማንም እስላም የማይደፍራት ዕቃ ፈለገ፤ አገኘም። ዛሬ ኮምቦልቻ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ። በረኪና የጠጣ፣ ነጭ ጋዝ የጠጣ፣ የተባይ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ሲመጣልኝ ማን አጠጣው ብዬ አልጠይቅም። በምን ዕቃ ነበር የተቀመጠው ብዬ ነው የምጠይቀው። ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ በውሃ ፕላስቲክ፣ በለስላሳ ጠርሙስ፣ በዘይት ጀሪካን፤ ልጅ አምኖ አፉ በሚያደርገው ዕቃ። ከዚያ አባትየው አንገቱን ይደፋና «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ፣ ምን ይደረግ» ይለኛል። እኔም በቀደር አምናለሁ። ግን በረኪናውን ከውሃው ጎን ያስቀመጠ እጅ አለ፤ እጁ ደግሞ ባለቤት አለው።

ወደዚያ ዘመን ልመለስ። ሐሙሱ ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ለፍተሻ መጡ። አንደኛውን አላውቀውም፤ ሁለተኛው ጎረቤታችን ጀማሉዲን ነበር፤ ጠመንጃውን ያነገተ፣ ግን ሲገባ «አሰላሙ ዐለይኩም» የሚል። ሱቁን በረበሩ፤ አልጋ ሥር አዩ፤ የኋላዋን ክፍል አባቴ ራሱ ከፈተላቸው። አንድ ትልቅ ድስትና ሞራ። «ሻማ ነው፤ ለቤት» አለ አባቴ። ጓዱ ሞራውን በበትር ነካ ነካ አድርጎ አፍንጫውን ይዞ ወጣ።

የመስገጃው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ጀማሉዲን ጫማውን አወለቀ። ገብቶ ጨርቋን ገለጠ፤ የዐረብኛውን ጽሑፍ ሲያይ እጁን ሰበሰበ።

«ዘምዘም ናት?» አለ።

«የእናቴ ናት» አለ አባቴ።

ጀማሉዲን ጓዱ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ አብዱልሐሚድ፣ እናቴ ወገቧን ከተያዘች ስምንት ወሯ ነው። አንዲት ፍንጃል ቢሰጡኝሳ?»

የአባቴ ግንባር በላብ ተጠመቀ። «የሞተ ሰው አደራ ናት። አትከፈትም።»

«አንዲት ፍንጃል ብቻ፣ በአላህ። ጎረቤት አይደለንም?»

«አትከፈትም አልኩህ!»

ጀማሉዲን ፊቱ ቀላ። ጫማውን አደረገና «ይሁን፤ ለሐጃ አላህ ይዘንላቸው» ብሎ ወጣ። አባቴ መስገጃው ላይ ቁጭ አለ።

በዚያ ቀን በአባቴ አፈርኩ። ሐጃ ለማንም ከልክለው አያውቁም፤ ለጎረቤት ክርስቲያን እንኳ ቀድተው ሰጥተዋል። እሱ ግን ለታመመች አሮጊት አንድ ፍንጃል ነፈገ። ስስታም ነው አልኩ በልቤ። ዛሬ ሳስበው አባቴ በዚያ ታሪክ ውስጥ ያደረጋት አንዲት ደግ ነገር እሷ ነች፤ የጀማሉዲንን እናት አዳነ። ለሰው እናት «አይሆንም» የሚል አፍ ነበረው ማለት ነው። ያ አፍ በኋላ የት እንደገባ ነው የሚያናድደኝ።

በዚያው ሰሞን ሳሊሕን ትክትክ ያዘው። ሲስል ፊቱ ይጠቁራል፤ ትንፋሹ ተቆርጦ ይቀርና በመጨረሻ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ እያወጣ ይመለሳል፤ ከዚያ የበላውን ሁሉ ያስወጣል። እናቴ ማርና ጥቁር አዝሙድ ታልሰዋለች። ለውጥ የለም። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ሙሉ ጀሪካን፣ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ አባባ ለገዛ ልጁም እየሰሰተ ነው።

ዓርብ ቀን አባቴ ለጁምዓ ሄደ። እናቴ ስኳር መጣ ተብሎ የቀበሌ ሰልፍ ላይ ነበረች። «ወንድምሽን ጠብቂ» ብላኝ ወጣች። ጠበቅኩት! አቤት አጠባበቅ! መጀመሪያ ዉዱእ አደረግን፤ እግሩን እኔ አጠብኩለት። ሻሽ አሰርኩ። በርጩማ ላይ ቆሜ ጀሪካኗን አወረድኩ፤ በሐጃ ፍንጃል ቀዳሁ። ትንሽ እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ጣቶቼ መካከል ሙልጭልጭ አለ። የተባረከ ውሃ ወዝ ይኖረዋል ብዬ አሰብኩ።

ሳሊሕን ወደ ቂብላ አዞርኩት።

«ምን ልበል?» አለኝ።

«በልብህ ለትክትኩ በል። ከዚያ ቢስሚላህ። ሦስት ጉንጭ ነው፤ ቶሎ ቶሎ።»

«ይጣፍጣል?»

«የጀነት ነው» አልኩት።

ሁለተኛዋ ጉንጭ ላይ አልደረሰም። ፍንጃሉ ከእጁ ወደቀ። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። ዓይኑ እኔን ያያል፤ «ምን አደረግሽኝ» ሳይሆን «እርጂኝ» ነው የሚለው፤ እሱ ነው የሚገድለኝ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጩኸት ወጣ። ከንፈሩ ነጣ፤ ለሃጩ አገጩ ላይ ወረደ። የእኔም ጣቶች ተቃጠሉ፤ በቀሚሴ ጠረግኳቸው። ጋን ሙሉ ውሃ ከበሩ ኋላ ነበረ። አንድ ብርጭቆ አልሰጠሁትም። ውሃ ነው ያቃጠለው ብዬ ካመንኩ እንዴት ሌላ ውሃ ልስጠው? ቆሜ ዉዱኡን እቆጥር ነበር። የቱን ረሳሁ? ክርኔን? ጆሮዬን?

ጩኸቱን ሰምታ የጀማሉዲን ሚስት እትዬ ለይላ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች።

«ምን ጠጣ? ምን ሰጠሽው?»

«ዘምዘም።»

«ውሸታም! ዘምዘም እንዲህ ያደርጋል?» ብላ ገፈተረችኝ። ሳሊሕን ጉልበቷ ላይ ደፋችው። ጨው በውሃ በጥብጣ ጋተችውና ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከተተች። ሴትዮዋ ለማዳን ነው፤ የምታውቀው እሱን ነው። አስመለሰ፤ ከሚወጣው ጋር የደም ክር አየሁ። «ይውጣ፣ ይውጣለት፣ ያ ረቢ!» ትላለች።

አባቴ በዚህ መሐል ከመስጊድ ገባ፤ ነጭ ቆቡ እንዳለ። የተከፈተችውን ጀሪካን አየ። ፍንጃሉን አየ። እኔን አየኝ። የለይላን ጣት አየ። አፉን ከፈተ፤ ሲከፍት በዓይኔ አይቻለሁ።

«ጋሽ አብዱልሐሚድ፣ ዕቃው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» ብላ ጮኸች ለይላ።

«ልጅቷን ጠይቂያት» አለ አባቴ። ከዚያ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» አለ።

ለይላ ለሁለተኛ ጊዜ ጨዉን በጠበጠች። አባቴ አጠገቧ አለፈ። ጎንበስ ብሎ ያነሳው ሳሊሕን አይደለም፤ ጀሪካኗን ነው። ወደ ጓሮ ይዟት ሄደ፤ ሽንት ቤቱ ውስጥ ሲደፋት ሰማሁ። ሲመለስ ልጁ ሁለተኛ አስመልሶ ነበር። በዚያ ጉሮሮ ላይ እሳቱ ሲወርድ አንዴ፣ ሲወጣ ሁለቴ አለፈ።

ሆስፒታል በጋሪ ደረስን፤ እናቴ መንገድ ላይ ሰምታ እያለቀሰች ተቀላቀለችን። የተቀበለችን ነርስ የኔነሽ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ቆፍጣና፣ ነጭ ጫማዋ የሚንቋቋ። የሳሊሕን አፍ በባትሪ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የኔ ልጅ፣ ምን ነበር የጠጣው?»

«ዘምዘም።»

«የመካው ውሃ?»

«አዎ። የሐጃ።»

አላሾፈችም። እጄን አንስታ ጣቶቼን አየች፤ ቆዳዬ ተነስቶ ቀልቶ ነበር፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ማንም አላየልኝም። ቧንቧ ሥር ወስዳ ብዙ ደቂቃ ውሃ አፈሰሰችበት። ሲቀዘቅዝልኝ አለቀስኩ። ያኔ ነው ውሃ እንደሚያድን ያወቅኩት።

እጄን እንደያዘች አባቴ ዘንድ ሄደች።

«ይስሙኝ፤ ይህ ልጅ የጠጣው የሚያቃጥል ነገር ነው። የልጅቷም እጅ ተቃጥሏል። ስሙን ከነገሩኝ ሐኪሙ የሚያደርገውን ያውቃል። ካልነገሩኝ በግምት ነው የምንሄደው። ከእኔ ወደ ሌላ ጆሮ አይሄድም።»

«እህቴ፣ ልጅቷ ነግራሻለች» አለ አባቴ።

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ መስጊድ ነበርኩ።»

«እናትየዋስ?»

እናቴ ወለሉን አየች። «እኔ ሰልፍ ላይ ነበርኩ።»

የኔነሽ ሦስታችንንም በየተራ አየችን። «ማን ነው ያስመለሰው?» አለች። «ባያስመልስ ኖሮ የጉሮሮው ግማሽ ይተርፍ ነበር» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ልብ በሉ፣ አባቴ ለነርሷ አንዲት ቃል አልዋሸም። መስጊድ ነበር፤ እኔም ነግሬአታለሁ። ለውሸቱ እኔን ነው ያቆመኝ፤ እኔ ደግሞ ያን ያህል የምምለው እውነቴን ስለመሰለኝ ነው። ልጅ ከልቧ ስትናገር ማን ይጠራጠራል?

እናቴና ሳሊሕ ሐኪሙ ጋ ከገቡ በኋላ በሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን። አባቴ አጠገቤ ተቀመጠ። በጣም ለስላሳ ድምፅ ነበረው።

«ጣይባ።»

«አቤት አባባ።»

«አደራ የሆነ ነገር ያለ ፈቃድ ሲነካ እንዲህ ነው የሚሆነው። ገባሽ?»

«ገባኝ አባባ።»

«ለማንም እንዳትናገሪ። ሰው ቢሰማ ይረግምሻል።»

«እሺ አባባ።»

ለነርሷ ያልዋሸውን ለእኔ ዋሸኝ። ይኸው ነው። ቀሪው ታሪክ ሁሉ በዚያ በረንዳ ላይ ተጻፈ።

ሳሊሕ ሆስፒታል ሦስት ወር ተኛ። ሲወጣ ነፍሱ አለች፤ ጉሮሮው ግን ጠቦ የሚያሳልፈው ቀጭን ነገር ብቻ ሆነ። አጥሚት፣ ወተት፣ በጨርቅ የተጠለለ ሾርባ። ጓል ያለበት ከሆነ ይታነቃል። ከእኩዮቹ ጋር ሩጫ የለ፣ እንጀራ የለ። ዒድ ሲሆን ሥጋ ያኝክና ጣዕሙን ውጦ ሥጋውን ይተፋዋል፤ ሰው እንዳያይበት ግድግዳውን ዞሮ ነው። አባቴ በመጀመሪያው ቀን ፈረደ፤ «ያጠጣችው ትመግበው» አለ።

መገብኩት። ሁለት ዓመት ከትምህርት ቤት ቀረሁ። በቀን አምስት ጊዜ አጥሚት አቀጥናለሁ፣ በሻሽ አጠላለሁ፣ በጣቴ እየዳሰስኩ ጓል እፈልጋለሁ፣ በማንኪያ እሰጠዋለሁ። ሐጅ ደርሶ የመጣ ጎረቤት ዘምዘም ሲያቀርብልኝ ሮጬ እወጣለሁ፤ ሴቶቹ «ምን ነካት ይችን ልጅ» ይላሉ። ሳልነግራቸው የበቀሉብኝ ስሞች ብዙ ናቸው፤ ፈሪ፣ ዱዳ፣ ዛር ያለባት። አባቴ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። ሳሙናውን ከዚያ ወዲያ ተወው፤ ስለዚህም ራሱን እንደ ተጸጸተ ሰው የሚቆጥር ይመስለኛል።

ግንቦት 1983 የደርግ ወታደር ደሴን ለቆ ሄደ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፤ ከተማው ጆሮውን አቁሟል። እናቴ ጓሮ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ አጠገቧ ወተት አፈላለሁ። ቀና ሳትል፣ ምስሯን እንደያዘች፣

«እፎይ፤ አሁንማ በሺርን ማን ይነካዋል» አለች።

«አጎቴን ለምን ይነኩታል?»

«ለዚያ ለኮስቲኩ ነዋ። ለሳሙናው።» ጠጠር አገኘች፤ ወረወረችው። «በሐጃ ጀሪካን ያስቀመጡት ጊዜ። ለካ አንቺ አታውቂም።»

ወተቱ ገነፈለ። እሳቱ ላይ ሲፈስ ቆሜ አየሁት።

«ዘምዘም አልነበረም?»

«ሱብሐነላህ፣ ዘምዘም ሰው ያቃጥላል እንዴ? ትልቅ ልጅ ሆነሽ!»

ያየሁት ነገር ሁሉ ተገለበጠ። ጓንቱ፣ የተያዘው ትንፋሽ፣ ሦስቴ የታጠበው እጅ። «እማ» አልኳት፣ «አባባ ማስመለስ እንደማይገባ ያውቅ ነበር?»

ምስር መልቀሟን አቆመች። «በሺር ያመጣ ቀን ነግሮት ነበር። አፍ ከገባ ውሃ ብቻ፣ ማስመለስ የለም ብሎታል። ለሠራተኛው ሁሉ እንደዚያ ይነገረዋል አሉ።»

«ለእትዬ ለይላ 'አታስመልሺው' ማለት ምን ነበረበት? አንድ ቃል!»

«ባሏ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንድ ቃል ብሎ ሁለተኛውን ብትጠይቀውስ? ወንድሜን ይገድሉት ነበር፣ ጣይባ። አባትሽንም።»

ይህ ከንቱ ፍርሃት አልነበረም፤ አውቃለሁ። ከሰፈራችን የተወሰደና ያልተመለሰ ሰው ነበር። ፍርሃቱን ይዤ አልሟገታትም። «እኔንስ?» አልኳት።

«አንቺን ምን?»

«እኔን! ለእኔ መንገር ምን ይገድል ነበር?»

እናቴ እውነት በእውነት ግራ ተጋብታ አየችኝ። «አንቺን ደግሞ ማን ምን አደረገሽ?» አለች።

ትቻት ወጣሁ። ሳሊሕ ከሱቁ በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ባዶውን መንገድ ያያል። አሥር ዓመቱ ነው፤ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ያክላል። ፊቱ ተንበረከክኩ። በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን በቀጥታ አየሁት።

«ሳሊሕ፣ እኔ አይደለሁም። ዘምዘም አልነበረም። ኮስቲክ ነው። አባባ ነው ያስቀመጠው፤ እኔ አላወቅኩም ነበር፣ ወላሂ አላወቅኩም።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«አባባ ነግሮኛል። ድሮ። ሁለተኛ ክፍል ስገባ።»

«ለአንተ ነገረህ?»

«ለምን ጣይባን ትጠላታለህ ብሎ ነው። ያኔ እጠላሽ ነበር።» ድንጋዩን በጥፍሩ ይፍቃል። «ከዚያ ለእሷ እንዳትነግራት አለኝ። ካወቀች አትታዘዝህም አለኝ።»

ሦስት ዓመት። ሦስት ዓመት በየቀኑ አምስት ጊዜ ፊቱ ተቀምጬ፣ ማንኪያውን ይዤ፣ በልቤ ይቅር በለኝ እያልኩ ስመግበው ያውቅ ነበር።

«አንተስ? አንተ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ትተዪኛለሽ ብዬ» አለ። «እማ ጓል ትተውበታለች። አንቺ ብቻ ነሽ ጓል የማትተዪው።»

በጥፊ መታሁት። አለንጋ የሚያክል ልጅ፤ በጥፊዬ ከድንጋዩ ወደቀ። አላለቀሰም፤ ይገባኛል እንደሚል ሰው ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። ያኔ እኔ አለቀስኩ፤ መንገድ ላይ ተቀምጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለይላና ጀማሉዲን ከበራቸው ብቅ እስኪሉ ድረስ። ለይላ «ምን ሆናችሁ?» አለች። ነገርኳት። አንድ ሳላስቀር፣ ጀማሉዲን ፊት፣ አባቴም በመስኮቱ እየሰማ ነገርኳት። ለይላ ቀኝ እጇን አንስታ ጣቷን አየች፤ ከዚያ ክርታስ መሰለች፤ ወደ ቤቷ ገባች።

ሳሊሕ እጄን ያዘኝ። «ርቦኛል» አለ በቀስታ፣ እንደ ፈራ።

ተነሳሁ። የተረፈውን ወተት አሞቅኩ፤ አጥሚቱን በጠበጥኩ፤ ሦስት ጊዜ አጠለልኩት። ማታ አባቴ ለራት ሲቀርብ እንደ ልማዱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጠበቀኝ፤ አባትን እጅ ማስታጠብ የሴት ልጅ ነው። ማስታጠቢያውን ፊቱ አኖርኩና ዞር ብዬ ከሳሊሕ አጠገብ ተቀመጥኩ። እጁ እንደተዘረጋ ብዙ ቆየ። አባቴ ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ኖረ፤ አንድም ቀን አላስታጠብኩትም።